የብስክሌት ኮርቻ ሐዲድ ስብራት፦ ብየዳ ለምን መፍትሔ አይሆንም?

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ያቋርጣታል፤ ወደ ባሌና ወደ ወላይታ የሚወስዱት መንገዶችም ከእርሷ ይገነጠላሉ። በእነዚህ ጎዳናዎች ከአይሱዙና ከባጃጅ ጎን ለጎን ብስክሌት የሚነዳ ሰው ኮርቻው በድንገት ቢከዳው፣ የሚወድቀው ከኋላው በሚመጣው ተሽከርካሪ ፊት ነው። ስለዚህ ኮርቻውን ከሥር ተሸክመው የሚይዙት ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ ማለትም የኮርቻው ሐዲዶች፣ መጠናቸው ቢያንስም ጉዳያቸው የሕይወት ነው።

ሐዲድ በተሰበረ ቁጥር ሁለት ምክንያቶች ሲሰጡ ይሰማል፦ «ነጂው ከባድ ነው» ወይም «ብረቱ ርካሽ ነው»። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ ይስታሉ። ክብደት ብቻውን የሚሰብረው ቢሆን ኖሮ ሐዲዱ በመጀመሪያው ቀን በተሰበረ ነበር። በኋላ መቀመጫ ላይ የሚጫነው ዕቃም አብሮ ይወቀሳል፤ የዚያ ሸክም ግን በአብዛኛው የሚያርፈው በኋላ ጎማው አክሰል ላይ እንጂ በኮርቻው ላይ አይደለም። ለወራት ወይም ለዓመታት ያገለገለ ብረት አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰበር የሚመስለው በዝለት ምክንያት ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በባቡር አክሰሎች ላይ ባካሄዳቸው ሙከራዎች እንዳረጋገጠው፣ ብረት በአንድ ጊዜ በቀላሉ የሚሸከመው ጫና ደጋግሞ ሲመላለስበት ሊሰብረው ይችላል። የኮርቻ ሐዲድም የዚሁ ሕግ ተገዢ ነው።

ስብራቱ የሚጀምርበት ስፍራም በዘፈቀደ የሚመረጥ አይደለም። የሐዲዶቹ ጫፎች የነጂውን ክብደት ወደ ታች ሲቀበሉ፣ መካከላቸው በመቆንጠጫው ተይዞ ይቆያል። ስለዚህ ከፍተኛው መታጠፍ በመቆንጠጫው ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ የሐዲዱ የላይኛው ገጽም በዚያ ስፍራ ይለጠጣል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚወለደው እዚያ፣ አቧራና መቆንጠጫው በሚሸፍኑት ቦታ ነው።

በዚህ ላይ ትንንሽ ልዩነቶች ትልቅ ውጤት አላቸው። የክብ ሐዲድ የተለመደው ውፍረት 7 ሚሊ ሜትር ነው። የመታጠፍ ውጥረት ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር በተቃራኒው ስለሚለዋወጥ፣ ዝገት ሐዲዱን ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ቢያሳንሰው ውጥረቱ በ25 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኮርቻው ወደ ኋላ ተስቦ ሸክሙ ከመቆንጠጫው ጠርዝ ያለው ርቀት ከ40 ወደ 60 ሚሊ ሜትር ቢረዝም ደግሞ ውጥረቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። የላላ መቆንጠጫ ሐዲዱን በየእርግጫው ያፋትገዋል፤ ከመጠን በላይ የጠበቀው ደግሞ ጥርሱን ብረቱ ውስጥ ቀብሮ ለስንጥቅ መነሻ የሚሆን ጭረት ያወርሰዋል።

ዓለም አቀፉ የብስክሌት ደኅንነት ደረጃ አይሶ 4210 ኮርቻን በ1,000 ኒውተን ኃይል 200,000 ጊዜ እየደጋገመ እንዲፈተን የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ቁጥር ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች መንገድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የኮብልስቶን ድንጋይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው ቢባል፣ በአንድ ኪሎ ሜትር 10,000 ድንጋይ ይታለፋል። በየቀኑ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ በ10 ቀን ውስጥ 200,000 ድንጋይ ያልፋል። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው ንዝረት ከ1,000 ኒውተን በእጅጉ ያነሰ ነው። ሆኖም ድግግሞሹ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚከማች ስሌቱ በግልጽ ያሳያል።

ሐዲድ ሲሰበር ቀዳሚው መፍትሔ ብየዳ ነው። በያጁ የተሰበረውን ያገናኛል፤ አንዳንዴም ቁራጭ ፌሮ ደርቦ ያጠናክረዋል። የብየዳው ሙቀት ግን በአካባቢው ያለውን ብረት ይለውጠዋል፤ እንደ ብረቱ ዓይነት ወይ ያለሰልሰዋል ወይ ተሰባሪ ያደርገዋል። የብየዳው ጠርዝ ራሱ አዲስ የውጥረት መከማቻ ይሆናል፤ የተደረበው ፌሮም ችግሩን ከመቆንጠጫው ጠርዝ ወደ ፌሮው ጫፍ ያሸጋግረዋል እንጂ አያጠፋውም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የተበየደው ሐዲድ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ነው። ነጂው በማያምነው ኮርቻ ላይ ቢቀመጥ ይጠነቀቃል፤ በተበየደው ላይ ግን ተማምኖ ወደ አውራ ጎዳናው ይወጣል።

ለዚህ መከራከሪያ ጠንካራው መልስ የገንዘብ ጉዳይ ነው። አዲስ ኮርቻ ከብየዳ ይወደዳል፤ በብስክሌቱ ዕለት ጉርሱን የሚያገኝ ሰውም ሥራውን አቁሞ ሊጠብቅ አይችልም። ይህ ችላ ሊባል የማይገባ እውነት ነው። በዚያው ልክ ግን መከላከል ወጪ የለውም ለማለት ይቻላል። መቆንጠጫውን በሐዲዱ ቀጥተኛ ክፍል፣ ከተቻለም መሐል ላይ ማድረግ፣ የግራና የቀኙን ዳዶ እያፈራረቁ እኩል ማጥበቅ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም እንደገና መፈተሽ በቂ ጅምር ነው። ከክረምት በኋላ መቆንጠጫውን ፈትቶ ጭቃውንና ዝገቱን ማጽዳት ይገባል። ስንጥቅ መኖሩን ለማወቅም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ሐዲዱን በላምባ አርሶ፣ በደንብ ወልውሎ ጠመኔ መቀባት ይበቃል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ላምባ ጠመኔውን አርሶ ጥቁር መስመር ያወጣል። ኮርቻ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ወይም አዲስ ድምፅ ማሰማት ከጀመረም አንዱ ሐዲድ ሳይሰበር አልቀረም፤ ያን ጊዜ የቀረው አንዱ የሁለቱን ሸክም ይሸከማልና ማሽከርከሩን ማቆም ግድ ነው። አማራጭ ጠፍቶ የተበየደ ሐዲድም ወደ ጥገና ቤት መድረሻ እንጂ የዓመት መገልገያ ሊሆን አይገባም።

የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረገው፣ እስከ 2029 የሚዘልቀው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ብስክሌትን ያበረታታል። ስለ ብስክሌት መንገድ ሲታሰብ ስለ ብስክሌቱ ጥገናም ሊታሰብ ይገባል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለበያጆች የትኛው ብረት እንደሚበየድ ብቻ ሳይሆን የትኛው መበየድ እንደሌለበትም ቢያስተምሩ ብዙ አደጋ ይቀንሳል። በአዳማና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪዎች ደግሞ የተሰበሩ ሐዲዶችን ከጥገና ቤቶች ሰብስበው የስብራቱን ገጽና ስፍራ ቢመረምሩ፣ በኮብልስቶን ላይ የሚደርሰውንም ጫና ቢለኩ፣ በውስን ወጪ ጠቃሚ የመመረቂያ ጥናት ይወጣዋል። ቁርጥራጩ ዛሬ በየበያጁ ደጃፍ ተጥሎ ይገኛል፤ የጎደለው አንሥቶ የሚመረምረው ሰው ነው።