የሚያስፈራንን ሥዕል ማንበብ እንማር



ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከክፍል እስክወጣ ጠብቀው፣ «መምህር፣ እባክዎ ቪዲዮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ያስነሡልኝ። ልጄ ሌሊት እየቃዠ አላስተኛ አለኝ። ውኃ እንዲቀዳ ስልከውም በዚያ በኩል አላልፍም ይላል» አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ጥቁር መደብ፣ ከአገጩ ሥር ብርሃን የበራበት ፊት፣ እንደ ደም የሚንጠባጠብ ቀይ ጽሕፈት ነው። ልጁ ፊልሙን አላየውም። ያስፈራው ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀት ይህን ያህል ኃይል ከየት አገኘ?

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳልጨርስ ከአገር የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የሥዕል ባለሙያም አይደለሁም። ይሁን እንጂ የፊልም ማስታወቂያ ሥራው አንድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ መንገደኛውን አቁሞ የመግቢያ ማስከፈል ነው። ለዚህም የታወቁ ዘዴዎች አሉት።

እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ጆውስ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም እንውሰድ። ትርጉሙ መንጋጋ ማለት ነው። የማስታወቂያውን ሥዕል የሠራው ሮጀር ካስቴል ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሣለው ለመጽሐፍ ሽፋን ነበር። ከላይ አንዲት ሴት በባሕሩ ገጽ ላይ ትዋኛለች። ከሥሯ ሻርክ የሚባለው አዳኝ ዓሣ አፉን ከፍቶ ወደ እርሷ ይወጣል። ዓሣው እጅግ ገዝፎ፣ ሴቲቱ እጅግ አንሳ ተሥላለች። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሴቲቱ አለማየቷ ነው። እኛ እናያለን፤ ልንነግራት ግን አንችልም። ፍርሃቱ የሚመጣው ከጥርሱ ይልቅ ከዚህ ነው።

ሌላው ዘዴ መደበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ኤልየን» ማስታወቂያው ላይ አውሬ አይታይም። በጨለማ ውስጥ አንድ የተሰነጠቀ እንቁላል አለ፤ ከስንጥቁም አረንጓዴ ብርሃን ይወጣል። ውስጡ ያለውን አውሬ የሚሥለው የተመልካቹ የገዛ ሐሳብ ነው። በጋና ደግሞ በ1980ዎቹ ጄኔሬተርና ቴሌቪዥን ይዘው በየመንደሩ ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ። ማስታወቂያቸውን በዱቄት ጆንያ ላይ በእጅ ያሥሉ ነበር። ሠዓሊው ብዙ ጊዜ ፊልሙን ሳያየው እባቡንም ደሙንም ከራሱ ይጨምርበታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ዘ ኤክሶርሲስት» ነው። በማስታወቂያው ላይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቦርሳ ይዞ፣ በሌሊት ከአንድ ቤት ፊት ለፊት ቆሟል። ከመስኮቱ በሚወርደው ብርሃን ፊቱ አይለይም፤ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ሰውየውን ይፈራዋል። ሰውየው ግን ርኩስ መንፈስ የያዛትን ልጅ ሊረዳ የመጣ ቄስ ነው! ሊያድን የመጣውን ሰው ፊቱን ስላጨለሙት ብቻ ፈራነው።

ይህን በክፍል ውስጥ ሞከርነው። መስኮቱን ዘግተን አንድ ተማሪ ባትሪ አገጩ ሥር አበራ። ልጆቹ ጮኹ። ባትሪውን ከራሱ በላይ ሲያደርገው ሳቁ። ልጁ ያው ጓደኛቸው ነው። የፀሐይ ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ ዓይናችን የለመደው ያንን ነው፤ ከታች ሲበራ ጥላው ይገለበጥና የምናውቀው ፊት ባዕድ ይሆንብናል። በማግስቱ ያ የሚቃዠው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ቪዲዮ ቤቱ ሄዶ ሥዕሉን አይቶ መጣ። «አሁንም ትንሽ ያስፈራኛል፤ ግን ባትሪው የት እንደተያዘ አውቄአለሁ» አለኝ።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ሕፃናት በሚያልፉበት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል መለጠፉ ተገቢ አይደለም። ሽማግሌዎች ባለቤቱን በመልካም ቃል አነጋግረው ወደ ውስጥ እንዲያስገባው ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቀደን ብንጥለው ነገ ሌላ ይለጠፋል። የፊልሙስ ማስታወቂያ ቢያንስ ላስፈራችሁ ነው ብሎ በግልጽ ይናገራል። ይህን ሳይናገር የሚያስፈራን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ ዕልቂት ጊዜ ቱትሲዎች በሬዲዮ «በረሮ» ይባሉ ነበር። ጎረቤትን ማግዘፍ፣ ፊቱን ማጨለም፣ ከሥርህ ሊውጥህ ነው ማለት፣ ያው የሥዕሉ ዘዴ ነው። ከቤታችን የተሰደድን ሰዎች ይህ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገንም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ፈራሁ ሲላችሁ «ጎበዝ ልጅ አይፈራም» ብላችሁ ዝም አታሰኙት። አጠገቡ ቁጭ በሉና ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ብርሃኑ ከየት በኩል ነው? የተደበቀው ምንድን ነው? እንድንፈራ የፈለገው ማነው፣ ምንስ ያገኛል? እነዚህን መመለስ የለመደ ልጅ ሲያድግ በጎረቤቱ ላይ በቀላሉ አይነሣም።

ከአንድ የበጎ ፈቃድ መምህር