«ቅማል ካለባት አትምጣ» የሚለውን ነገር ብንተወውስ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቅማል ነው። አዎ፣ ስለ ቅማል። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ስጽፍ ሼር የምታደርጉ ሰዎች ይሄኛውን ቶሎ እንደምታልፉት አውቃለሁ፤ «የኔ ልጅ ቅማል አለበት» ማለት ያሳፍራላ። ግን ቆይታችሁ አንብቡልኝ፣ ምክንያት አለኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደቡብ ወሎ ስሠራ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ከአምባሰል በኩል በባጃጅ ይዘዋት መጡ። ምራቋ ይዝረከረካል፣ ላብ አጥምቋታል፣ ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ፈሳሽ ያለ ይመስላል፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። ይህን ምልክት ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «የተባይ መድኃኒት ጠጥታለች?»

«ኧረ አልጠጣችም! ጸጉሯን ነው የቀባኋት» አለችኝ እናትየዋ።

ማላታይን ነበር። ለአትክልት የሚረጨው፣ በሃይላንድ ተቀድቶ የተሸጠ። ቀብታት፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ ሻሽ አስራበት አሳድራታለች። ለምን ስላት «ቅማሉ ካልጠፋ ክፍል አትገባም ብለው ከሰልፍ ላይ መለሱብኝ። ፈተና ደርሷል። ምን ላድርግ ልጄ?» አለችኝ። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፣ ዘጋሁት። የተባለችውን ነው ያደረገችው።

ልጅቷ ጸጉሯ ታጥቦ፣ አትሮፒን እየተሰጣት በሦስተኛው ቀን ድና ወጣች። በዚህ መርዝ የተያዘ ሁሉ ግን እንደሷ ዕድለኛ አይደለም። መርዙ በቆዳ በኩል ይገባል፣ የራስ ቆዳ ደግሞ ታክኮ የቆሰለ ከሆነ ይብሳል። ላምባ የሚቀቡም አሉ፤ እሳት የሚነድበት ቤት ውስጥ ላምባ የተነከረ ጸጉር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ። መምህራኑ ክፉ ሆነው ነው ብዬ አላስብም። ሌሎቹን ልጆች ለመጠበቅ ብለው ነው። ችግሩ፣ ልጅቷን ወደ ቤት መመለስ ሌሎቹን አይጠብቅም። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅማል ሲይዘው ማሳከኩ እስኪጀምር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እናንተ ዛሬ ሰልፍ ላይ ያገኛችሁት ቅማል ከወር በፊት ጀምሮ ክፍል ውስጥ የነበረ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተደጋግፈው፣ አንድ መጽሐፍ ሲያነቡ ከርመዋል። ዛሬ አንዷን ማባረር ምን ይጨምራል? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጤነኛ ልጅ በቅማል ወይም በቅጫም ምክንያት ከትምህርት መቅረት የለበትም ይላል። እነሱ አገር መድኃኒቱ ማዶ ያለው ሱቅ ውስጥ አለ። መድኃኒት በማይገኝበት ቀበሌማ ማባረር ምን ያህል ከባድ ቅጣት እንደሆነ አስቡት።

ቅማል የቆሻሻ ምልክትም አይደለም። አይዘልም፣ አይበርም፣ ከጸጉር ወደ ጸጉር ይሄዳል፤ ለታጠበውም ላልታጠበውም ጸጉር ደንታ የለውም። ውሃም አያሰጥመውም። ሐይቅ ከተማ ያሉ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሐይቁ ውስጥ ሲዋኙ ቢውሉ ቅማሉ ጸጉራቸውን ጨብጦ አብሮ ይዋኛል። (ሐይቁ ውስጥ መዋኘት የቢልሃርዚያ ጣጣ አለው፤ እሱን ሌላ ቀን።)

በጣም የሚያናድደኝ ግን መላጨቱ ነው። አዎ፣ የተላጨ ራስ ላይ ቅማል አይኖርም፤ ወንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ ቢላጭ ምንም አይደለም። ሴት ልጅን በግድ፣ በጓደኞቿ ፊት መላጨት ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ አገር ሴት ጸጉሯን የምትላጨው ለሐዘን ነበር እኮ። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ ጓደኞቿ ፊት ከተላጨች በኋላ ትምህርት ቤት የምትመለስ ይመስላችኋል? አንዳንዷ አትመለስም። ሻሽና ሒጃብ የምታደርገዋን በሰው ፊት «ግለጪ» ማለትም ያው ነው።

«ታዲያ በሽታ ቢያመጣስ?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ተስቦንና ግርሻን በማስተላለፍ የሚታወቀው የልብስ ቅማል ነው፣ በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው። የራስ ቅማል አብዛኛውን ጊዜ ከማሳከክ በላይ አይሄድም። ነገር ግን በ2011 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ግርሻ ከታመሙ ሰዎች ከተሰበሰበ የራስ ቅማል ውስጥ 23 በመቶው ላይ የግርሻ ባክቴሪያ ዘረመል ተገኝቷል። አስተላለፈ ማለት አይደለም፣ ግን ጨርሶ አንናቀው። ደግሞ የግርሻ ጀርም በዋናነት የሚገባው በንክሻው ሳይሆን ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው። ስለዚህ ያቺ አያቶቻችን የሚወዷት፣ በሁለት አውራ ጣት ጥፍር «ጠሽ» የማድረግ ነገር ትቅርብን። ተጨናንቀው የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች፣ ደረሶች፣ መጠለያ ያሉ ተፈናቃዮች ላይ ቅማልና ከፍተኛ ትኩሳት አብሮ ከታየ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከፋርማሲ በራስ መድኃኒት መጀመር አይሆንም፤ የግርሻ ሕክምና ሲጀመር ራሱ ሰውነትን ሊያናውጥ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ትምህርት ቤት ምን ያድርግ? ልጁ እስከ መውጫ ሰዓት ክፍሉ ይቆይ። ወላጅ ለብቻው ይጠራ፣ በሹክሹክታ ይነገረው። አብረው የሚቀመጡት ልጆች ወላጆችም የማንንም ስም ሳይሰሙ «የልጆቻችሁን ጸጉር እዩ» ይባሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትምህርት ቤቱ ድረስ ብትመጣ ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቤት ውስጥ ሹሩባው ይፈታ። አንድ በመቶ ፐርሜትሪን ፋርማሲ ካገኛችሁ ታጥቦ በፎጣ በደረቀ ጸጉር ላይ ቀብታችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ እጠቡት፣ ከ9 ቀን በኋላ ድገሙት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ቅጫሙ ከሳምንት በኋላ ይፈለፈላል፣ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይባላል። ካላገኛችሁ ጸጉሩን አርጥባችሁ፣ ኮንዲሽነር ወይም ዘይት ቀብታችሁ፣ ጥርሱ በጣም በተጠጋጋ ማበጠሪያ ከሥሩ ጀምሮ አበጥሩ፤ በየሦስት ቀኑ፣ ለሦስት ሳምንት። ወፍራም ጸጉር ላይ እጅ ያደክማል፣ አልዋሻችሁም። ቅቤ ማበጠሪያውን ያንሸራትታል እንጂ ቅጫም ይገድላል ብላችሁ አትመኑበት። አንድ ትራስ ላይ የሚተኙትን ሁሉ ደግሞ አብራችሁ እዩ።

ያቺ እናት ስትወጣ ለትምህርት ቤቱ ወረቀት እንድጽፍላት ለመነችኝ። «ትምህርቷን መቀጠል ትችላለች» ብዬ ጻፍኩ፣ ማኅተም አስመታሁላት። ቅጫሙ ያኔም ጸጉሯ ላይ ነበር።