ማጥበቅ ማፍጠን አይደለም

የመኪና እሽቅድምድም ከሚወዱት ጓደኞቻችን መካከል «ሾክ አብዞርበሩን አብልጦ ያጠበቀ ይቀድማል» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም፤ ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን ንዝረት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ጎማውም መሬቱን እንዳይለቅ ይረዳል። ያለ ልክ ሲጠብቅ ጎማው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ፈጥኖ መውረድ ይሳነዋል። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ለመሪም ለፍሬንም አይታዘዝም። ያለ ልክ ሲላላ መኪናው እንደ ጀልባ ይዋልላል።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1944 የተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ለአማተሮች በሚያዘጋጀው የኮን ውድድር፥ «ስትሪት» በተባለው ምድብ ሞላ መለወጥ ክልክል ነው፤ ሾክ አብዞርበር መለወጥ ግን ተፈቅዷል። ስለዚህ ብዙው ብልሃት ያለው በማስተካከያው ላይ ነው። ኮኒ የተባለው የሆላንድ ፋብሪካ በሚሠራው ቢጫ ሾክ አብዞርበር የሚስተካከለው የመዘርጋቱ ጥብቀት ብቻ ነው፤ የመጨመቁ አይነካም። ይህን ሳያውቅ የሚያዞር ሰው በግምት ይሠራል።

የምናሳስበው ይህን ነው፦ ከላላው ጫፍ መጀመር፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፤ ግራና ቀኙን እኩል ማዞር፤ ስንት እንደ ዞረ፥ የጎማውን አየርና የፈጀውን ሰዓት መጻፍ። ያልተጻፈ ሙከራ ወሬ ነው። ተወዳዳሪው ማታ በዝናብ ጓደኞቹን ጭኖ የሚመለሰው በዚያው መኪና ነውና፥ ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በላቦራቶሪ የለመድነውን ጥንቃቄ በሜዳው ከረሳነው፥ ትምህርታችን ከደብተር አልወጣም ማለት ነው።