«ኤም ዋን» የሚለው ስም ስለሚያመጣው ስሕተት

ስንዴ ሲረከብ ከጆንያው እፍኝ ዘግኖ የሚመረምር የሮቤ ወይም የጎባ ነጋዴ፣ ለንብረቱ መጠበቂያ በሕግ ፈቃድ ጠመንጃ ሊገዛ ሲነሣ ግን የሰፈር ስሙን ሰምቶ ዋጋ ይቈርጣል። ይህ ልማድ ሊተው የሚገባው ነው እንላለን።

ለምሳሌ «ኤም ዋን» የሚባለውን እንውሰድ። በዚህ ስም የሚጠሩት ሁለት የአሜሪካ ጠመንጃዎች ናቸው፤ ይኸውም ጋራንድና ካርባይን። ሁለቱም ምላጩ በተሳበ ቍጥር አንድ ጥይት ተኩሰው ተከታዩን በራሳቸው የሚያጎርሱ ናቸው፤ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ውል ወዲህም በሠራዊታችን ዘንድ የታወቁ ሆነዋል። ነገር ግን ጋራንድ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝንና 8 ጥይት የሚጎርስ ሲሆን፣ ካርባይን 2 ኪሎ ተኩል እንኳ የማይሞላና ባለ 15 ጥይት ካዝና ያለው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው የጥይቱ ቍጥር ነው። «7.62» ሲባል የአፈሙዙን ስፋት እንጂ የቀለሁን ርዝመት አይናገርም። የጋራንድ ቀለህ 63፣ የካርባይን 33፣ ሲሞኖቭ የተባለው የሩሲያ ጠመንጃ ደግሞ 39 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ለሌላው ከቶ አያገለግልም። ክላሽንኮቭ ከሲሞኖቭ ጋር በጥይት ቢተባበርም በተከታታይ የሚተኩስ ስለ ሆነ ዓይነቱ ሌላ ነው፤ በፈቃድ ወረቀት ላይ ሁለቱን እንደ አንድ መቍጠር አደገኛ ነው።

ሲሞኖቭን የሚገዛ ሰው ደግሞ አገሩን ይጠይቅ። የሩሲያና የቻይና ሥራ አብዛኛው የአፈሙዙ ውስጥ በክሮም የተለበጠ ነው፤ የዩጎዝላቪያው ግን ልባጥ የለውም። እርጥበትና ጉም በማይለየው በባሌ ደጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሮጌ ጥይት የሚተወው ጨው ሳይታጠብ ካደረ ያልተለበጠውን አፈሙዝ ቶሎ ይበላዋልና፤ ሻጭ ውጪውን በዘይት ቢያሳምረውም ገዢ ብርሃን እያሳየ ውስጡን ይመልከት።

ስለ ጽሕፈቱም ጥቂት እንበል። በጋራንድና በካርባይን ላይ የሠሪው ስምና ተራ ቍጥሩ ከኋላኛው ማነጣጠሪያ አጠገብ ተቀርጾ ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካርባይንን የሠሩት ዐሥር ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ከእነርሱም አንዱ ሮክ ኦላ ሳንቲም እየጎረሰ የሚዘፍን የሙዚቃ ሣጥን ሠሪ ነበር! ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ካርባይኖች በአሜሪካ ገበያ ሲቀርቡ፣ በዚያ ያሉ ሰብሳቢዎች ዋጋውን የሚለያዩት በዚሁ ስም ነው። እኛ በደፈናው «አሮጌ ብረት» ያልነውን እነርሱ ፊደሉን አንብበው ይገዙታል። ላኪዎቻችን ይህን ሊያስቡበት ይገባል፤ ዳሩ ግን ቅርስ የሆነውን ከአገር ማውጣት በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 209 የተገደበ መሆኑን አይዘንጉ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ስለሚከለክል፣ ፈቃድ ያለው ሻጭ በደረሰኙ ላይ «አንድ ኤም ዋን» ብሎ መጻፉ አይበቃም። ሠሪው፣ ሞዴሉ፣ ተራ ቍጥሩና የቀለሁ ርዝመት ተለይተው ይጻፉ፤ ገዢም ገንዘቡን ሳይቈጥር በፊት ከብረቱ ጋር ያመሳክር።