ዳኛውን ማን ያስቀምጠዋል?



ፍርድ ቤት ደጅ የተመላለሰ ሰው ሁሉ አንድ አባባል በደንብ ያውቃል፦ «ዳኛው ተዛውረዋል፤ መዝገቡ ለአዲስ ዳኛ ይመራል፤ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል።» የቤት ኪራይ፣ የውርስ፣ ከሥራ የመሰናበት ክርክር ያለበት ወገናችን ይህን ሲሰማ የሚታሰበው የትራንስፖርት ገንዘቡና የሚቀጥለው የቀጠሮ ቀን ነው። እኛ በዚህ ገጽ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከቀጠሮው ያልፋል። ዳኛን የሚሾመው፣ የሚያዛውረውና የሚያነሣው ማን ነው? ሕጉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በችሎቱ ማን እንደሚሰየም የሚወስነው ተከራካሪው መንግሥት ከሆነ ፍርዱ ሳይሰማ አልቋል ማለት ነው። ይህን የምንለው በጥርጣሬ ተነሥተን አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ተሠርቶ ታይቷል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1952 የኬንያ ገዢ የነበረው ኤቭሊን ባሪንግ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ። ወዲያውም ጆሞ ኬንያታና ሌሎች የሕዝብ መሪዎች ታፈሱ። ኬንያታና አምስት ባልደረቦቻቸው የማው ማውን ንቅናቄ መርታችኋል ተብለው ተከሰሱ። መንግሥቱ በእጁ ያለው ማስረጃ ስስ መሆኑን ያውቅ ነበር። በናይሮቢ መደበኛ ዳኞች፣ ጠበቆች፣ ጋዜጠኞችና ችሎት የሚታደም ሕዝብ አሉ። እዚያ ቢሞከር ክሱ ሊወድቅ ይችላል። ታዲያ ምን ተደረገ? ቦታውና ዳኛው ተለወጡ።

ችሎቱ ከናይሮቢ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኝ ካፔንጉሪያ ወደምትባል የጠረፍ መንደር ተወሰደ። ተከሳሾቹ እዚያ ከደረሱ በኋላ «ተፈትታችኋል» ተባሉ፤ ወዲያው ደግሞ እዚያው ዳግም ተያዙ። ለምን ቢባል፣ የአካባቢው ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዲኖረው በአካባቢው የተያዘ ሰው ያስፈልግ ነበርና! ዳኛ ሆኖ የተሰየመው ራንስሊ ታከር ነበር። ይህ ሰው በኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሲሆን፣ ለዚህ አንድ ጉዳይ ከጡረታው ተጠርቶ ከቀድሞ ማዕርጉ ባነሰ የዳኝነት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከለንደን የመጣው ጠበቃ ዲ. ኤን. ፕሪትና ጓደኞቹ በመንደሯ ማደሪያ ስላልነበረ ኪታሌ ከተማ እያደሩ በየቀኑ ይመላለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1953 ኬንያታ ሰባት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደባቸው። ታከር ለዚህ አገልግሎቱ ከመንግሥት 20,000 ፓውንድ እንደተከፈለው የታሪክ ጸሐፊዎች ኋላ ይፋ አድርገዋል።

የሹመቱ ወረቀት ራሱ የሚናገረው አለ። በጁላይ 1953 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሲመረምር ታከር የተሾመው ለሰሜን ጠቅላይ ግዛት ሆኖ ተገኘ። ካፔንጉሪያ ግን በስምጥ ሸለቆ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ናት። ስለዚህ ሰውየው ፍርድ የሰጠው ሥልጣን በሌለው ቦታ ነው ተባለ። ዳኛን ለአንድ ሰው ፍርድ ሲሉ በጥድፊያ ያስቀመጡ ሰዎች ካርታ እንኳ ለማየት ጊዜ አልነበራቸውም። የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን ይህን ውሳኔ ሽሮ ፍርዱን አጸና። ከስድስቱ አንዱ የነበሩት አቺየንግ ኦኔኮ በይግባኝ ነፃ ቢባሉም ከእስር አልወጡም። ዋና የዐቃቤ ሕግ ምስክር የነበረው ሮውሰን ማቻሪያ በ1958 በገንዘብ ተደልዬ በሐሰት መሰከርኩ ብሎ በቃለ መሐላ ሲያረጋግጥ፣ የተከሰሰውና የታሰረው በመጀመሪያው ምስክርነቱ ሳይሆን ይህን በማለቱ ነበር።

ይህ የአንድ ክፉ ገዢ ሥራ ብቻ ነው የሚል ካለ የአገዛዙን ሥሪት ይመልከት። በእንግሊዝ አገር ከ1701 ጀምሮ ዳኛ በመልካም ሥነ ምግባር እስካገለገለ ድረስ በንጉሡ ፈቃድ አይነሣም። በቅኝ ግዛት ግን ይህ ሕግ አይሠራም ነበር። በማላያ ዳኛ የነበረ ቴረል የተባለ እንግሊዛዊ፣ ጃፓኖች አገሩን ሲይዙ በ1942 ከሥራው ተሰናበተና እስከ ጡረታ ዕድሜዬ ደመወዜ ይገባኛል ብሎ ከሰሰ። የለንደን ፍርድ ቤት በ1953፣ ኬንያታ በተፈረደባቸው በዚያው ዓመት፣ የቅኝ ግዛት ዳኛ የሚያገለግለው ዘውዱ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው ሲል ወሰነ። ለነጩ ዳኛ እንዲህ ከሆነ ለጥቁሩ ሽማግሌ ምን ቀረ? በኬንያ በ1930 በወጣው ሕግ መሠረት የአገሬውን ሰው የሚዳኙ ሸንጎዎች በአውራጃው ኮሚሽነር ሥር ነበሩ። ይግባኙም የሚቀርበው ለዚያው ግብር ሰብሳቢና አስተዳዳሪ ለሆነው ኮሚሽነር ነበር። ጠበቃ ይዞ መቅረብ አይፈቀድም።

ነፃነት በ1963 መጣ፤ መሣሪያው ግን ከነጭ እጅ ወደ ጥቁር እጅ ተላለፈ። በ1988 የኬንያ ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የዳኞችን የሥራ ዋስትና አነሣ። ጩኸቱ ሲበዛ በ1990 መለሰው። ሕዝቡ ትምህርቱን የጨረሰው በ2010 ባጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። ዕጩ ዳኞች በአደባባይ ይጠየቃሉ፤ ያለ ልዩ ጉባኤ ምርመራም አይነሡም። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአራት ለሁለት ድምፅ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘ። ፕሬዚዳንቱ የዚያው የካፔንጉሪያ ተከሳሽ ልጅ ኡሁሩ ኬንያታ ነበሩ። ዳኞቹን በቁጣ ተናገሯቸው፤ ከወንበራቸው ግን ሊያነሷቸው አልቻሉም።

«ኢትዮጵያ በቅኝ አልተገዛችም፤ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚለን ይኖራል። አባቶቻችን ያቆዩልን ክብር ኩራታችን ነው። ነገር ግን በ1908 (እ.ኤ.አ.) ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው ውል የውጭ ዜጎችን ጉዳይ ቆንስል እንዲገባበት ሲያደርግ፣ ሌላው ዳኛ ሲያስቀምጥብን ምን ማለት እንደሆነ በገዛ አገራችን ቀምሰነዋል። ዛሬ ደግሞ የእኛው ሰው ሲያስቀምጥ ዝም እንድንል እንጠየቃለን። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያለ ሕዝብ ይህን እንዴት ይቀበላል?

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 79 ዳኛ ከጡረታ ዕድሜው በፊት ያለ ፈቃዱ እንደማይነሣ፣ የሚነሣውም በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ውሳኔና በምክር ቤት ድጋፍ እንደሆነ ይደነግጋል። ጥሩ ድንጋጌ ነው። ሆኖም አንቀጹ ስለ ዝውውር አይናገርም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉም በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾማሉ። በ2007 ዓ.ም. እንደሆነው 547ቱም መቀመጫዎች በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ ሲሞሉ፣ የምክር ቤት ድጋፍ የሚባለው ጥበቃ ምን ያህል ጥበቃ ነው? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲወጡ ስትፈቅድ፣ ተከሳሹ ወዲያው ዳግም እንደታሰሩ ታስታውሳላችሁ። በሙስና ክስ ዋስትና የሚከለክል ሕግም ወጣ። ይህን ስንል ዳኞቻችንን ለመክሰስ አይደለም። በቀጭን ደመወዝ በመዝገብ ክምር መካከል ቀናውን የሚፈርዱ ብዙዎች መሆናቸውን እናውቃለን። የምንከሰው ሥርዓቱን ነው።

ድምፃችሁን ብትሰጡን ዕጩ ዳኞች ሁሉ በአደባባይ እንዲጠየቁ፣ መዝገብ ለዳኛ በዕጣ እንዲመራ፣ ዳኛ የያዘውን መዝገብ ሳይጨርስ እንዳይዛወርና የዝውውሩ ምክንያት በጽሑፍ ለተከራካሪዎች እንዲገለጥ የሚያደርግ ሕግ እናወጣለን። ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤትና መጓጓዣ በሕግ እንጂ በሹም ችሮታ አይሆንም። እስከዚያው ግን አንድ ጥያቄ ለሚመለከተው ሁሉ እናቀርባለን፦ የምርጫ ክርክር የሚሰሙ ዳኞች ስም ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ለሕዝብ ይገለጥ። እኛ ብናሸንፍም ዝርዝሩ አይለወጥም፤ ድላችንን የሚቃወም ወገን አቤቱታውን የሚያቀርበው በእነዚያው ዳኞች ፊት ነው።