ከደጅ እስከ ጓሮ፦ ግቢን ተስማምቶ ማደስ

በዚህ ዕትም ስለ ግቢያችን እንነጋገር። ብዙ ባለትዳሮች ቤት ለመሥራት ዓመታት ያቅዳሉ፤ ስለ ግቢው ግን የሚያስቡት ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ የተረፈው አሸዋና ጠጠር ባለበት ይከርማል፤ አለዚያም ሁሉም በአንድ ጊዜ በሲሚንቶ ይለበጣል። ጭቅጭቁም ከዚያ ይጀምራል። ባል መኪና የሚያስገባበት ቦታ ይፈልጋል፤ ሚስት ጎመንና በሶብላ መትከል ትሻለች፤ ልጆች ኳስ ይላሉ፤ አያት ደግሞ ፀሐይ የሚሞቁበት ጥግ ያምራቸዋል። ሁሉም እውነት አላቸው። 200 ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ሁሉንም ማስማማት ግን ምክክር ይጠይቃል።

ስለዚህ ግንበኛና አትክልተኛ ከመጥራታችሁ በፊት ቤተ ሰቡ አንድ ወረቀት ይዞ ይቀመጥ። በዓመት ውስጥ በዚህ ግቢ ምን ምን እንደምታደርጉ ጻፉ። በርበሬና እህል የሚሰጣው የት ነው? ልብስ የሚሰቀለውስ? የቤት ኅብረት ሲመጣ እንግዳ የት ይቆማል? ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ድንኳን ቢተከል ቦታ አለ? እንዲህ ስትዘረዝሩ የፊት ለፊቱ ግቢ በአብዛኛው የእንግዳ፣ ጓሮው ደግሞ የሥራና የልጆች መሆኑን ታያላችሁ። ስለዚህ ከፊት መካከሉን ክፍት ተዉትና ጽጌረዳውንም ጤና አዳሙንም በግድግዳውና በአጥሩ ዳር አድርጉት።

ቀጥሎ ፀሐይን ተመልከቱ። አገራችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስለሆነች በበጋ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በአዲስ አበባ በታኅሣሥ ወር 2.5 ሜትር ቁመት ያለው አጥር በቀትር ወደ ሰሜን 1.6 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ከደቡቡ አጥር ሥር የተተከለ ካሮትና ቆስጣ ታዲያ ውኃ በምናጠጣበት ወቅት ጥላ ውስጥ ይውላል። ያንን ጥግ ለውኃ ሮቶውና ለብስባሽ ጉድጓዱ ስጡት፤ የጓሮ አትክልቱን ፀሐይ ወዳለበት አምጡት። መደቡም ከ1.2 ሜትር ባይሰፋ ይመረጣል፤ አፈሩን ሳትረግጡ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መካከሉ ላይ ይደርሳል።

ሦስተኛው ውኃ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። 80 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,600 ሊትር ማለት ነው። ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ከሆነ ይህ ውኃ የሚሄደው ወዴት ነው? ከእኛ በታች ወዳለው ጎረቤት ግድግዳ! በሰላም የኖሩ ጎረቤታሞች በክረምት የሚኳረፉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የጣራውን ውኃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ አስገቡት፤ የሚተርፈው ወደ መንገዱ ቦይ የሚወጣበትን መስመርም አስቀድማችሁ ወስኑ። የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ የጣራውን አቧራ ስለሚያጥብ ይፍሰስ። የተጠራቀመው ለአትክልትና ለእጥበት እንጂ ለመጠጥ አይሁን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አራተኛው አፈሩ ነው። ግቢያችሁ ጥቁር ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ በስሱ የፈሰሰ ሲሚንቶም አብሮት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ በሌላ አፈርና በድንጋይ መተካት አለበት። ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ስለሚነጠፍ ሲሰምጥ ነቅሎ ማስተካከል ይቻላል። የትኛውንም ብትመርጡ በየ1 ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቤቱ እየራቀ ዝቅ ይበል፤ ውኃ ከመሠረቱ ሥር እንዳይተኛ።

እዚህ ላይ ባልና ሚስት የሚታረቁበት አንድ መላ አለ። ለመኪናው 3 ሜትር በ8 ሜትር ብትለብጡ 24 ካሬ ሜትር ይሄዳል። ጎማው የሚረግጠውን ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት መስመሮች ብታነጥፉ ግን 10 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። መካከሉ ሰርዶ ሣር ይሆናል። ሰርዶ የበጋውን ድርቅ ይችላል፤ ነገር ግን እየተሳበ ወደ መደቡ ስለሚገባ በድንጋይ ጠርዝ ከልሉት።

ዛፍ ስትተክሉ የዛሬውን ችግኝ ሳይሆን የዛሬ አሥር ዓመቱን ዛፍ አስቡ። አቮካዶ ሰፊ ዛፍ ነው፤ ከግድግዳና ከሴፕቲክ ታንክ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። ቦታ ለሚያንሰው ግቢ እየተገረዘ የሚያዝ ኮክ ወይም ሎሚ ይሻላል። ባሕር ዛፍ ለመኖሪያ ግቢ አይሆንም። ሕፃናት ባሉበት ግቢ ጉሎና አስተናግር እንዳይበቅሉ ተጠንቀቁ፤ ፍሬያቸው ለሞት የሚያደርስ መርዝ አለው። የበርሜሉና የጉድጓዱ ክዳንም ጠንካራ ይሁን። በዘዳግም 22፥8 እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ ጣራ መከታ ያዘዘው ከቤታችን ሰው ወድቆ እንዳይጎዳ ነው፤ ትእዛዙ ለግቢያችንም ይሠራል።

አሁን የሁለታችሁ ጉዳይ። ከውሳኔው በፊት የተስማማችሁበትን ሁሉ በኖራና በገመድ መሬት ላይ አስምሩትና ሁለት ሳምንት ኑሩበት። መኪናው ይግባ፣ ልብሱ ይሰቀል፣ አያት በምሽት ወደ መጸዳጃ ይመላለሱ። እግራቸው የሚከብዳቸው ከሆነ ደረጃው በለስላሳ ተዳፋት እንዲተካ የምታውቁት ያኔ ነው። ኖራ ይጠረጋል፤ ኮንክሪት ግን በዶማ ነው የሚፈርሰው።

ሌላው፣ ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው? ይህ ሳይነሳ ከቀረ የአትክልቱ ሥራ በሙሉ በእናት ወይም በቤት ሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል፤ በሁለተኛው ዓመትም መደቡ አረም ይወርሰዋል። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ፣ ማን እንደሚኮተኩት ተከፋፈሉ። ለሦስት መደብ ጊዜ ከሌላችሁ አንድ መደብ በቂ ነው።

ገንዘቡንም በሦስት ዙር ክፈሉት እንጂ ለግቢ ተብሎ ዕዳ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ የውኃ መውረጃውና መሬቱን ማስተካከል፣ ቀጥሎ መተላለፊያውና ንጣፉ፣ በመጨረሻ ተክሉ። ቁፋሮውና ንጣፉ በበጋ ቢሠራ፣ ዛፉም በሰኔና በሐምሌ ቢተከል ዝናቡ ያሳድግላችኋል። በብርዳማው ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ስለሚኖር ጨቅላውን አቮካዶ በማታ በሣር ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ወረቀቱን አውጡና ጀምሩ። መጀመሪያ ልጆቹና አያት ይናገሩ፤ እናንተ አዳምጡ። እስከሚቀጥለው ዕትም ሰላም ሁኑ።