የሳምንት ስንቅ በደብተር ቦርሳ

መስከረም ሲጠባ የቁይ ሱቆች በራፍ በቦርሳ ይሸፈናል። ሮዝ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ የእግር ኳስ ቡድን አርማ የታተመበት አለ፣ ከፊት ሦስት ከጎን ሁለት ኪስ ያለው አለ። ገዥው ዚፑን ከፍቶ እጁን ይከትታል፤ ስፋቱን ያያል፤ «ይኸኛው ያድግበታል» ብሎ በዋጋ ይከራከርና ይገዛል። ያንን ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣውን ልጅ ጀርባ የሚለካ ግን የለም። ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ ገበያው ላይ የለም።

ቁይ የደባይ ጥላትግን ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳው ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉት የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች አንዱ ስለሆነ መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። የገጠር ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሲያልፍ ከቀዬው ወጥቶ ሁለተኛ ደረጃ ወዳለበት ከተማ ይገባል። ከሁለት ከሦስት ጓደኛው ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል። ዓርብ ከትምህርት መልስ ወይም ቅዳሜ በማለዳ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል፤ እሑድ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። እንጀራ፣ የሽሮ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ጨው፣ ድንች፣ ቆሎ፤ ሲብስም የማገዶ ጭራሮ። ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ይህ ጉዞ ራሱ ለብዙ ልጅ የሚናፈቅ ሆኗል። ትምህርት በቀጠለበት ሁሉ ግን ሸክሙ ያው ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ እንጀራ የሚበላ ልጅ ለአምስት ቀን 15 እንጀራ ይፈልጋል። አንዱን 400 ግራም ብንለው 6 ኪሎ ሆነ። ሽሮውን፣ ድንቹንና ቆሎውን 3 ኪሎ እንበላቸው፤ ደብተሩን፣ መጽሐፉንና የታጠበውን ልብስ ሌላ 3 ኪሎ። 12 ኪሎ ማለት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ የተማሪ ቦርሳ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። 45 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የመጨረሻው ጣሪያ 9 ኪሎ ነው። ምክሩ የታሰበው ደግሞ ከመኪና ወርዶ ክፍል ለሚገባ ተማሪ ነው፤ በጭቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት የሚያዘግመውን ማንም በሐሳቡ አልያዘውም።

በራፍ ላይ የተንጠለጠለው ቦርሳ የተሠራው ለደብተር ነው። ጀርባው ልል ጨርቅ ስለሆነ ስንቅ ሲገባበት ተድቦልቡሎ ይወጣል፤ ክብደቱ ከሰውነት ይርቅና ልጁን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ እሱም ላለመውደቅ አንገቱን ቀብሮ ወደ ፊት ይጎነበሳል። ማንገቻው ቀጭን ነው። ትከሻ ላይ ይሰረስራል፤ ጉዞው በረዘመ ቁጥርም ከአንገት ተነሥተው ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ይጫናል። ልጆቹ ከመንገድ ሲደርሱ እጃቸውን የሚያራግፉት ስለደነዘዛቸው ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመው ማንገቻ ከቦርሳው ጋር የተያያዘው ደግሞ በአንድ መስመር ስፌት ነው። ኅዳር ሳይወጣ ይለቃል። ወቀሳው ማን ላይ እንደሚወርድ ይታወቃል፦ «ትናንት ተገዝቶልህ ዛሬ ቀደድከው!» ልጁም ማዳበሪያውን አንሥቶ፣ አፉን በገመድ አስሮ፣ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል።

«ያድግበታል» የሚለው ፍልስፍና ከስስታምነት የመጣ አይደለም፤ ገንዘብ ያጠረው ወላጅ የሚያስበው ለሦስት ዓመት ነው። ለሸሚዝ ይሠራል። ሰፊ ሸሚዝ እጅጌው ተጠቅልሎ ይለበሳል። ሰፊ ቦርሳ ግን ከወገብ በታች ወርዶ በእያንዳንዱ እርምጃ መቀመጫ ላይ ይደበድባል፤ ከዚያም በላይ ባዶ ቦታ ስላለው ይሞላል። እናት ቦታ ካየች አንድ ራስ ጎመን ትጨምራለች፤ አባት «ለአከራይህ ስጣት» ብሎ ጥቂት ድንች ያክላል። ጭነቱን የሚወስነው የልጁ አቅም መሆኑ ቀርቶ የቦርሳው ሆድ ሆነ ማለት ነው።

የጀርባ ቦርሳን ነገር አጥብቀው ካሰቡት ሰዎች መካከል አዳኞች ይገኛሉ። ለቀናት ጫካ የሚገባ አዳኝ ሲሄድ ስንቅ፣ ሲመለስ ሥጋ ይሸከማልና። ኦሌ ቤርጋን የተባለ ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ለአደን ወጥቶ ልል ቦርሳው ጀርባውን ሲያስጨንቀው፣ የጥድ ቅርንጫፍ በጀርባው ቅርጽ አጉብጦ ከቦርሳው ጋር አሰረው ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት የፈጠራ መብት አወጣበት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዲክ ኬልቲ ካሊፎርኒያ ውስጥ የአሉሚኒየም አጽም ያለው ቦርሳ መሥራት ጀመረ፤ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶም ጨመረበት። ዛሬ ለብዙ ቀን የሚወጣ አዳኝ ወይም ተራራ ወጪ ደህና ሻጭ ካገኘ በመጀመሪያ የሚለካለት ጀርባው ነው፤ ከአንገቱ ግርጌ ጎልታ ከምትወጣው አጥንት እስከ ዳሌው አጥንት አፋፍ ድረስ። ከዚያ የሚሸከመው ኪሎ ይጠየቃል። ስፋትና ኪስ ተከትለው ይመጣሉ። (እዚያም ቢሆን በሊትር ብዛት የሚኩራራ ሞልቷል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሁለት ሌሊት ተራራ ላይ ለማደር 80 ሊትር ቦርሳ ገዝቶ፣ ጫፍ ሳይደርስ በቅሎ የሚከራይ ሰው ብርቅ አይደለም።)

ይህ ዕውቀት ከፈረንጅ አገር መምጣት ነበረበት የሚል ካለ የጎጃምን እናት አላያትም። አንቀልባን ልብ ብሎ ያየ ሰው ሕፃኑ የሚያርፈው በጀርባዋ ግርጌ፣ ከዳሌዋ በላይ መሆኑን ያውቃል። ጠፍሩ ተላልፎ የሚታሰረው ሕፃኑ ከሰውነቷ እንዳይለይ ነው። እንስራም እንዲሁ ነው፤ ገመዱ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፣ ውሃውን የተሸከመው ግን ወገብና ዳሌ ነው። ወገቧን በመቀነት የምታስረው ሴት፣ ኬልቲ በናይለን የሠራውን ሥራ በጥጥ ስትሠራው ኖራለች። ይህን ስል እንስራ መሸከምን እያወደስሁ አይደለም፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ የስንቷ ሴት ወገብ በእሱ እንደተበላሸ ቤቷ ያውቀዋል። የምለው፣ ሸክም መሸከም ግድ ከሆነ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት እዚህ አገር የማይታወቅ ነገር አይደለም። የምናውቀውን ትተን ልጆቻችንን በሁለት ቀጭን ማንገቻ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለንባቸዋል።

ከወላጁ ይልቅ የምወቅሰው ሰጪውን ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየቦታው ለችግረኛ ተማሪዎች ቦርሳ ይታደላል። የበጎ አድራጎት ማኅበር ያድላል፣ መሥሪያ ቤት ያድላል፣ በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢ ተወላጆች አዋጥተው ይልካሉ። ልባቸው መልካም ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። አመራረጣቸው ግን በራስ ቁጥር ነው፤ በተሰበሰበው ብር ስንት ቦርሳ ይወጣል? የነፍስ ወከፍ ዋጋው ባነሰ ቁጥር ዝርዝሩ ይረዝማል፣ ሪፖርቱም ያምራል። ስለዚህ ከሁሉ የሳሳው ይገዛል፤ ለሰባት ዓመቷ ሕፃንና ለአሥራ ሰባት ዓመቱ ጎረምሳ አንድ ዓይነት። የሰጪው ስም በትልቁ ይታተምበታል፣ ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ተሰልፈው ፎቶ ይነሣሉ። ወላጅ የደኸየ ነውና በርካሽ መግዛቱ ይገባኛል፤ አምስት መቶ ቦርሳ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ድርጅት ግን ማንገቻው በድርብ ይሰፋ፣ ወገቡ ላይ መታሰሪያ ይኑረው ብሎ የማዘዝ ጉልበት በእጁ አለ። አልተጠቀመበትም።

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች «የገጠር ልጅ ለምዶታል፣ እኛም እንዲህ ሆነን ነው የተማርነው» ይላሉ። በሳይንስም የሚደግፉት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት የኬንያ ሉዎና ኪኩዩ ሴቶች፣ ሉዎዎቹ በአናታቸው ኪኩዩዎቹ በግንባራቸው ላይ ባሳለፉት ማንገቻ፣ ከሰውነታቸው ክብደት እስከ 20 በመቶ የሚሆን ሸክም ይዘው ሲሄዱ ተጨማሪ ጉልበት እንደማያወጡ አሳይቶ ነበር። አፍሪካዊ ለሸክም ተፈጥሯል የሚለው አጉል ወሬ ከዚያ ብዙ ቀለብ አግኝቷል። ጥናቱ የለካው የሚተነፍሱትን ኦክስጅን ነው፤ የአንገታቸውን ሕመም አልለካም። የተጠኑትም ከልጅነት ጀምረው የለመዱ ጥቂት አዋቂ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ የኮሳ ሴቶች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት በራስ መሸከም በጀርባ ከመሸከም በጥቅሉ እንደማይሻል አግኝቷል። «እኛም እንዲህ ሆነን» የሚሉትስ? የሚናገሩት ያለፉት ናቸው። በሁለተኛው ዓመት ስንቅ መመላለሱ ታክቷቸው እርፍ የጨበጡት በዚህ ጨዋታ ላይ አይገኙም፤ ሴቶቹማ ጭራሽ አይቆጠሩም።

ስለ ቦርሳ ሲወራ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ እሱም በውስጡ የሚገባው ነው። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ከላይ ያሰላነው 6 ኪሎ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ቢሆን ከ3 ኪሎ ያንሳል፤ አይሻግትም። የጥንት መንገደኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የሲራራ ነጋዴው፣ የቆሎ ተማሪው፣ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና ምድር በላይ ዘለቀን ተከትሎ በረሃ የወረደው አርበኛ፣ ሁሉም ስንቁ ደረቅ ነበር፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ። ውሃውን ከምንጭ ያገኘዋል፣ ምን ብሎ ይሸከመዋል? ዛሬ ግን ድርቆሽ ይዞ ከተማ የገባ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ እናትም «ልጄ ደረቅ በላ» እንዳትባል ትኩስ እንጀራ ጋግራ ታሸክመዋለች። ስለዚህ ኩራት ብለን ሦስት ኪሎ ውሃ በልጅ ጀርባ ዳገት እናስወጣለን፤ ሐሙስ ሲደርስ የቀረው እንጀራ ሻግቶ ይጣላል። ሳምንቱን ሙሉ በበሶ ይኑር አልልም፤ የሚያድግ ልጅ ነው። ግማሹን እንጀራ ግማሹን ድርቆሽ ማድረግ ግን ምንም ወጪ የለውም።

ወጪ ካልን፣ የሚሻለው ቦርሳ ውድ ነው የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። የሚያስፈልገው ጠንካራ ሸራ ነው፤ አራት ጣት ስፋት ያለው፣ ውስጡ ስፖንጅ ወይም የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተሰፋበት ማንገቻ፤ ዳሌ ላይ የሚታሰር ሰፊ መታሰሪያ ከዘለበት ጋር፤ ጀርባው ውስጥ ደግሞ ጭነቱ እንዳይድበለበል የሚያቀናው ስስ ጣውላ ወይም ቀርከሃ። መታሰሪያው ከክብደቱ ሲሶውን እንኳ ከትከሻ ወደ ዳሌ ቢያወርድ ከ12 ኪሎው 4 ኪሎ ነው። ይህን መስፋት ለከተማው ልብስ ሰፊ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሰፊው ይህን የማይሠራው የሚያዘው ስለሌለ ነው፤ እኛ ሩቅ አገር ለሌላ ኑሮ የተሰፋ ቦርሳ እየገዛን ለእርሱ ዚፕ ማስጠገን ብቻ አስተርፈንለታል።

አንዳንዶች ከቦርሳ ይልቅ አዳሪ ቤት ይሠራ፣ በየቀበሌው ሁለተኛ ደረጃ ይከፈት፣ የትምህርት ቤት ምገባው እስከ ላይኛው ክፍል ይድረስ ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህ ከሆነ ጽሑፌን ቀዳችሁ ጣሉት። ሌሎች ደግሞ አህያ አለ ይላሉ። አህያ ያለው አለው፤ በገበያ ቀን ከእህሉ ጋር የልጁን ስንቅ ጭኖ የሚመጣ አባትም አለ። ችግሩ አህያዋ በአዝመራ ጊዜ እሑድን አታርፍም፣ የሌለውም ብዙ ነው። አዳሪ ቤቱ እስኪሠራ ድረስ እሑድ በየሳምንቱ ይመጣል።

በሚቀጥለው ነሐሴ ቦርሳ ለመግዛት የሚሰበሰብ ኮሚቴ ሁሉ አንድ ነገር ሊያደርግ ይችላል። ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዚፑን ከመክፈትና ከመዝጋት ይልቅ 9 ኪሎ ድንች ይክተትበት፤ ከሚታደላቸው ልጆች አንዷን ጠርቶ ያሸክማትና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ዳገት አብሯት ይውጣ። ሲመለሱ ትከሻዋን ይጠይቃት። ማንገቻው ከለቀቀ ነጋዴው ናሙናውን ይውሰድ። ኮሚቴው ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ግን ለፎቶው እየገዛ እንደሆነ ለአዋጪዎቹ በግልጽ ይንገራቸው።